ናሙናው ያምራል... ኬሻውስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች እንደ ወትሮው የፍቅር ናቸው። "ጥላኝ ሄደች"፣ "ስደውልለት አያነሳም"፣ "እናቷ አልወደዱኝም"... የእናንተ ነገር መቼም አያልቅ! አንዱ ደብዳቤ ግን ለየት አለብኝ። ፍቅርም አለበት፣ ገንዘብም አለበት፣ ሞተር ሳይክልም አለበት። የመጣው ከወደ ሚዛን ተፈሪ ነው። ስሜ እንዳይወጣ ብሎ ስለለመነኝ ስሙን ትተን ጉዳዩን እንስማው።

"የ24 ዓመት ወጣት ነኝ" ይላል ልጁ። "ዘንድሮ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የአባታችንን ቡና ለቅመን፣ አድርቀን ሸጥን። አባባም መርቆ ድርሻችንን ሰጠን። በገንዘቡ ሞተር ገዝተን ሰው እያመላለስን ልንሠራ ነው። አንድ ሻጭ ያገለገለች ሞተር አሳየን። እሁድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ አስፋልቱ ላይ ከሌላ ሞተር ጋር አወዳደራት። ሰው ጉድ እስኪል ድረስ ጥላው ሄደች! በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። እጮኛዬ ግን 'ቲያትር ነው የሠሩላችሁ' አለችኝና ተጣላን። ማታ ሻይ ቤት ይህንኑ ስናወራ አንዱ ጓደኛዬ በስልኩ የድሮ የእንግሊዝ ጃጓር ከሌላ መኪና ጋር ስትሽቀዳደም የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልን። 'ይቺ መኪና በፈረንጅ 1961 በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር ሄዳለች' አለ። ሌላው ደግሞ 'ውሸት ነው! ለጋዜጠኞች ተብላ የተዘጋጀች ናት' ብሎ ተነሳበት። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሻጩ እስከ ቅዳሜ ክፈሉ ብሎናል። እጮኛዬን ብሰማ ጓደኞቼ ፊት አፍራለሁ፤ ባልሰማት ደግሞ የወንድሜ ገንዘብ አለበት። ምን ትመክረኛለህ ጋሼ?"

"ጋሼ" ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ወደ ነገሩ ስንገባ ግን እናንተ ሻይ ቤት የተከራከራችሁበትና አንተን እንቅልፍ የነሳህ ጥያቄ አንድ ነው። ጃጓሯን ከፈታናት የአንተዋ ሞተርም ትፈታለች። እስቲ ከጃጓሯ እንጀምር።

መኪናዋ ጃጓር ኢ-ታይፕ ትባላለች። ለዓለም የታየችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1961 ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ከተማ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1953 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የታኅሣሥ ግርግር ካለፈ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ባለ 3.8 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተገጥሞላታል። ፋብሪካው 265 የፈረስ ጉልበት አላት ይል ነበር። መልኳን ያየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ ይባላል። ሰው በሷ ካልተንሸራሸርን ብሎ ቢያስቸግራቸው ሁለተኛ መኪና እንዲመጣ ታዘዘና፣ የፋብሪካው የሙከራ ሹፌር ኖርማን ዴዊስ ከእንግሊዝ ኮቨንትሪ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ጠዋት ጄኔቫ ደረሰ። ይሄ እንግዲህ ቲያትር አይደለም፤ የሰውም የመኪናም ጉልበት ነው።

ክርክሩ ያለው ፍጥነቷ ላይ ነው። ጃጓሮች "150 ማይል በሰዓት ትሄዳለች" አሉ፤ 241 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንገደኛ መኪና እንዲህ ስትሮጥ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነው። ኦቶካር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ባለ ጣሪያዋን ወስዶ ለካትና 150.4 ማይል አገኘ። ሞተር የተባለው ሌላው መጽሔት ደግሞ ክፍቷን ለክቶ 149.1 ማይል አገኘ። ከቆመችበት ተነስታ 100 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው የፈጀባት 7 ሰከንድ ገደማ ነው። የአራት መቶ ሜትሯን ሽቅድምድም ደግሞ በ15 ሰከንድ አካባቢ ጨረሰችው። ወሬው በዓለም ናኘ፤ የገዢው ሰልፍም ረዘመ።

ታዲያላችሁ፣ ገዢዎቹ መኪናቸውን ተረክበው ቤንዚን ሰጥተው ሲነዱ አብዛኞቹ 150 ማይሏን ሊያገኟት አልቻሉም። ፈለጓት፣ የለችም! ምን ነካት?

የነካት ነገር ኋላ ላይ ታወቀ። ለመጽሔቱ የተሰጠችው መኪና ከመስመር ላይ ዝም ተብላ የተነሳች አልነበረችም። ሞተሯ በልዩ ጥንቃቄ ተስተካክሎ የተገጠመ ነው። ለሙከራውም የእሽቅድምድም ጎማ ተጫማች፤ ገዢው ዕለት በዕለት የሚነዳበትን ጎማ አይደለም። "ለጥቂት ማይል ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?" እንዳትሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ያልተኛንበት ቀን ቢኖር እንደምናስታውሰው፣ ፍጥነት ሲጨምር አየሩ የሚገፋን ከፍጥነቱ በበለጠ ነው። አየሩን ብቻ እንኳ ብናስብ፣ ከ140 ማይል ወደ 150 ማይል ለማደግ ሞተሩ ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። የመጨረሻዋ አሥር ማይል ውድ ናት ማለት ነው። ሞተሩ ትንሽ የተሻለ ከሆነ፣ ጎማው ትንሽ ከተሻለ ትመጣለች፤ ካልተሻለ አትመጣም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጽሔቱ ሰዎች አልዋሹም። በሰዓታቸው የለኩትን ጻፉ። ያቺ መኪና በእርግጥም ያን ያህል ሄዳለች። ሻይ ቤት "ሄዳለች" ያለውም "ተዘጋጅታ ነው" ያለውም ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አታላዩ ነገር ያለው በመሀሉ ነው። ገዢው "ያቺ ሄደች" የሚለውን ሲያነብ "የኔም ትሄዳለች" ብሎ ሰማው። ሻጩም አላረመውም።

ለነገሩ ጃጓሮች ራሳቸው ከዚያ በፊት የተሻለ ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1949 ኤክስኬ 120 የምትባለውን መኪናቸውን ቤልጂግ አገር ያቤክ የሚባል ቦታ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ጋዜጠኞች ጠርተው አስሮጧት። መኪናዋ መስታወቷና ሸራዋ እንዳለ 126 ማይል ሄደች። ከዚያ የፊት መስታወቷን አንስተው ሲነዷት 132 ማይል ተኩል አለፈች። አያችሁ? "በሙሉ ልብሷ ይሄን ያህል፣ አውልቃ ይሄን ያህል" ብለው ሁለቱንም ተናገሩ። ሰዓቱን የያዘው የቤልጂግ የአውቶሞቢል ክበብ እንጂ ፋብሪካው አይደለም። የለኳትም ደርሶ መልስ ነው፤ ነፋስና ቁልቁለት በአንድ በኩል ቢያግዛት በሌላው በኩል ይከፍላታል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማንኛውም ውድድር የእውነት መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ማን ለካ? በስንት አቅጣጫ? ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀነሰ?

"ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ለሚዛን ምኑ ነው?" የምትሉ አትጠፉም። ኧረ ይሄማ የቡና አገር ሰው ከእንግሊዝ በፊት የሚያውቀው ነገር ነው! ሚዛን፣ ቴፒ፣ በበቃ፣ ቦንጋ ያደገ ልጅ ናሙና ምን እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ሻጭ ቡናውን ሊያሳይ ሲመጣ በመዳፉ የሚይዘው ፍሬ ተለቅሞ፣ ተበጥሮ፣ ጥቁሩና የተቦረቦረው ወጥቶለት ነው። ያ ቡና ውሸት ነው? አይደለም፤ ከዚያው ማሳ የወጣ ነው። ነገር ግን ኬሻው ሲፈታ እንደዚያ ሆኖ ይገኛል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡና ሲገባበት፣ ናሙናውን ከተጫነው ቡና ላይ የሚወስደው የገበያው ባለሙያ እንጂ ሻጩ እንዳይሆን የተደረገው። ቀማሹም የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ በኮድ ይቀምሳል። ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ሻጭ ሁሉ የሚያምረውን ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ወንድሜ። እሁድ ዕለት ያየኸው ናሙና ነው፤ ያውም ሻጩ ራሱ በመዳፉ ይዞ ያሳየህ። እስቲ እነዚህን ለራስህ መልስ። የተሸነፈውን ሞተር ማን መረጠው? ነጂውስ የማን ጓደኛ ነው? ጋዙን እስከ መጨረሻው መስጠቱን በምን አወቅህ? ያሸነፈው ነጂ ቀጭን ልጅ፣ የተሸነፈው ደንደን ያለ ሰው አልነበረም? ሞተር ሳይክል ላይ ሃያ ኪሎ ልዩነት እኮ ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ፈረሱላ ይበልጣል። መንገዱ ወደየት ያዘቀዝቃል? የሄዱትስ አንዴ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መልስ የተባለ ነገር የለበትም። በዚያ ላይ የፊቱን ጥርስ በትንሽ ጥርስ የቀየረ ሰው ሞተሩ ሲነሳ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ከፍጥነት ጣሪያው ግን ይቀንሳል፤ በረዥም መንገድም ሞተሩ እየጮኸ ቤንዚን ይጠጣል። አንተ ደግሞ የምትገዛት ለመዝለል ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሰው ለማመላለስ ነው።

ምን ላድርግ ትላለህ? ስማኝ።

በመጀመሪያ፣ "እንደገና ይወዳደሩልኝ" እንዳትል። አስፋልቱ የሕዝብ ነው፤ ሕፃን ይሻገርበታል፣ ከብት ይተኛበታል። ለአንተ ናሙና የሰው ነፍስ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ጋ በጠዋት፣ ሳትቀጠር ሂድ። ሞተሩን በእጅህ ዳብሰው። ገና ሳይነሳ ሞቆ ካገኘኸው፣ ቀድሞ ያሞቀው ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ቀዝቃዛውን ራስህ አስነሳው። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፒስተንና ፋሻ ሊያስወጣህ ነው።

ሦስተኛ፣ የራስህን መካኒክ ውሰድ፤ ሻጩ "የኔ ልጅ ያይልሃል" ቢል አመስግነህ እለፈው። ካቴናውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን ይይልህ። የፊትና የኋላ ጥርሱንም ቆጥሮ ከሌላ ተመሳሳይ ሞተር ጋር ያስተያየው።

አራተኛ፣ ወንድምህን ከኋላ ጭነህ ዳገት ውጣ። የሚዛን ልጅ ዳገት አጣሁ አይልም መቼም! ቀስ ብለህ፣ በሕጉ ፍጥነት። ከዚያ ቁልቁለቱን ተመለስ፤ ከዚያ ወንድምህ ይንዳ፣ አንተ ከኋላ ሁን። ደርሶ መልስ ማለት ይሄ ነው። የአንተ ሥራ ሁለት ሰው ጭኖ በዝናብ ዳገት መውጣት ስለሆነ፣ ፈተናዋም እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ሊብሬውን እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሞተሯ ጋር ይግጠም፤ ስሙ የሻጩ ይሁን፤ ውሉ በሕግ ፊት ሳይፈረም አንዲት ብር እንዳትሰጥ። "እስከ ቅዳሜ ክፈሉ" የሚል ሰው ቢያጣድፍህ፣ ጥሩ ሞተር እሁድም ሰኞም ጥሩ እንደሆነ ንገረው።

ይሄን ሁሉ ካለፈች ግዛት! እኔ ሻጩ ሌባ ነው አላልኩም። ኢ-ታይፕም እኮ 150 ማይሏ ቀርቶባት ድንቅ መኪና ነበረች። አስቶን ማርቲን ዲቢ4 ከሚሸጥበት በግማሽ ያህል ዋጋ ተሽጣ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ ከ72 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ከናሙናው ትንሽ ዝቅ ያለ ቡናም ዋጋውን አውቀህ ከገዛኸው ጥሩ ቡና ነው። የሚያከስረው በናሙናው ዋጋ ኬሻውን መግዛት ነው።

የቀረችው እጮኛህ ናት። ወንድሜ፣ ልጅቷ ውድድሩን ሳታይ የነገረችህን እኔ ይሄን ሁሉ ወረቀት ጨርሼ ነው የደገምኩት። "እሷን ብሰማ ጓደኞቼ ፊት አፍራለሁ" ትላለህ። ጓደኞችህ ፊት አፍረህ የአንድ ምሽት ሳቅ ትሰማለህ። ሞተሯ በወሯ ስትቆም ግን ፊቱን የምታየው ታናሽ ወንድምህን ነው፤ ቀጥሎም መርቆ የሰጣችሁን አባታችሁን። የትኛው ይከብዳል? እኔ ብሆን ዛሬውኑ ሄጄ "ይቅርታ፤ ያልሽው ሳይገባኝ ተቆጣሁ" እላት ነበር። ሞተሯን ለማየት ስትሄድም ይዘሃት ሂድ። ለሻጩ ጭብጨባ ያልሞቃት ሰው ናትና፣ ሰማያዊውን ጭስ ቀድማ የምታየው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

እናንተም አንባብያን፣ ሞተር የማትገዙት ጭምር፣ በየፊናችሁ የእሁድ ውድድር የሚያሳያችሁ አይጠፋም። በተዋሰው መኪና ቤታችሁ ደጃፍ የሚቆም አለ፤ በተበደረችው ቀሚስ የምትመጣ አለች። አትጥሏቸው፤ ግን ደርሶ መልሱን ጠብቁ።

የሚዛኑ ልጅ፣ ሞተሯ ምን እንደሆነች ጻፍልኝ። ለዛሬ አበቃሁ፤ በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።