የወይኑን ሒሳብ ማን ከፈለ?

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን አንድ የጉዞ ጽሑፍ ኮፒ አድርገው አደሉን። ጸሐፊው በካሪቢያን ባሕር ላይ በመዝናኛ መርከብ ሲጓዝ ስለበላው ልዩ እራት ነው የሚተርከው፤ ለእያንዳንዱ ምግብ የሚስማማ ወይን ተመርጦ የሚቀርብበት እራት። እውነቱን ልናገርና ምራቄን ዋጥኩ። ያነበብኩት ካፌ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሽሮዋ ደግሞ የዚያን ቀን ቀጥናለች።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ‹‹የሼፉ ጠረጴዛ›› የሚሉት ዝግጅት አለ። መርከቡ ሺዎችን ይጭናል፤ ለዚህ እራት ግን የሚቀመጡት አሥራ ምናምን ሰዎች ናቸው። በትኬቱ ዋጋ ውስጥ የለም፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ብዙ ጊዜ እንግዶቹ መጀመሪያ ማድ ቤቱን ይጎበኛሉ፤ ከዚያ አምስት ስድስት ዙር ምግብ ይመጣል፣ በየዙሩም ሌላ ወይን ይቀዳል። አካሄዱ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። ለዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ወይን፣ ለበሬ ሥጋ ጠንከር ያለ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ለጣፋጩ ጣፋጭ ወይን። ይኼ ዝም ብሎ ቅንጦት አይደለም፣ ምክንያት አለው። የነጩ ኮምጣጣነት እንደ ሎሚ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ቀዩ ውስጥ ያለው፣ ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቅ ነገር ከሥጋው ጋር ሲገናኝ ይለዝባል። ለእኛስ ቢሆን መች እንግዳ ነው? ጥሬ ሥጋ ቀርቦ ጉደር ሲጠፋ የሚቆጣ አጎት እኔም አለኝ።

ስለዚህ መብላትና መዝናናቱን አልቃወምም። እንዲያውም ጣዕምን በቃላት ማስያዝ ከባድ ሙያ ነው።

ክርክሩ የተነሳው መምህራችን የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ ሲሉን ነው። በደቃቅ ፊደል ‹‹ጸሐፊው የተጓዘው በመርከብ ድርጅቱ ግብዣ ነው›› ይላል። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ‹‹ታዲያ ምን አለበት፣ ተናግሯል እኮ!›› ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ዘግይቶ መናገርን ከመናገር አልቆጥረውም። አንባቢው ስድስቱንም ብርጭቆ አብሮ ከጠጣ በኋላ ሒሳቡን ሌላ ሰው እንደከፈለው ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል?

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠቀስ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው ደራሲ ዴቪድ ፎስተር ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1995 ሃርፐርስ መጽሔት ከፍሎለት ለአንድ ሳምንት በመዝናኛ መርከብ ካሪቢያንን ዞረ፤ ጽሑፉም በ1996 ወጣ። የድርጅቱ ብሮሸር ውስጥ የፍራንክ ኮንሮይን ጽሑፍ ያገኛል። ኮንሮይ ተራ ሰው አይደለም፣ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የታወቀውን የደራስያን ማሠልጠኛ ይመራ የነበረ ነው። ጽሑፉ ወግ እንጂ ማስታወቂያ አይመስልም፤ እንደተከፈለበት የሚናገር ቃልም የለውም። ዋላስ በኋላ ስልክ ደውሎ ሲጠይቀው ኮንሮይ ገንዘብ መቀበሉን አልካደም፣ መጸጸቱንም አልደበቀም። ያን የመሰለ ደራሲ ከወደቀ እኛ ገና ኮማ የት እንደሚገባ የምንጣላው ምን ይውጠናል?

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ጋዜጠኛ ግን በበላበት ዝም ነው የሚለው። ያ የታደለን ጽሑፍ ደግሜ ሳነበው ወይኑ ሁሉ ስም አለው፤ ከየት ሸለቆ እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ተጽፏል። ወይኑን የቀዳው ሰው ግን ‹‹ፈገግተኛው አሳላፊ›› ብቻ ነው። ከየት መጣ? ፊሊፒንስ፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ አገሮች ብዙዎች በመርከብ ይሠራሉ። በቀን ስንት ሰዓት ይቆማል? እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራ ሰዓትን ጣሪያ በሳምንት 72 ሰዓት ያደርገዋል። አንድ አገር በዕረፍት ሰዓት ልቁጠር ካለ ደግሞ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ከሰጠ ይበቃዋል። ከሳምንቱ 168 ሰዓት ቀንሳችሁ አስሉት፣ 91 ሰዓት ለሥራ ይተርፋል። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛው 48 ነው። እራቱ ጥሩ ነበር ብሎ መጻፍ ይህን ከመጠየቅ አያግድም ነበር። የሚያግደው ጋባዡን ላለማስቀየም ማሰብ ነው።

በሰው ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የራሴንም ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት በአንድ መጽሔት በነፃ እየሠራሁ ሳለ ከአንድ ነባር ሪፖርተር ጋር አንድ ሆቴል ወዳዘጋጀው ‹‹የወይን ምሽት›› ተላክን። አራት ዓይነት ወይን ቀመስኩ፤ አንዱን በደንብ። ስንወጣ ‹‹የትራንስፖርት›› የተባለች ፖስታ ተሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ታክሲ ስጠብቅ ስትቀዳልን ያመሸችው ልጅ አጠገቤ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ‹‹ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው ወንድሜ›› አለችኝ። የትርፍ ሰዓት ይከፈላችኋል ወይ ብላት ሳቀች። ማስታወሻ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። በማግስቱ የጻፍኩት ‹‹መስተንግዶው እንከን የለሽ ነበር›› የሚል ነው። ፖስታዋንም አልጠቀስኩም።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በዚህ ቡለቲንም ሆነ በልምምድ ጋዜጣችን ላይ በግብዣ የተሠራ ጽሑፍ ግብዣነቱ በመጀመሪያው አንቀጽ ይነገር፤ አበልም ከተሰጠ ይጻፍ። ኒው ዮርክ ታይምስ የጉዞ ጸሐፊዎቹ ነፃ ጉዞ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የእኛ አገር ጋዜጦች ያን ያህል አቅም የላቸውም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግን ገንዘብ አያስፈልግም።

ያቺ የሆቴሉ ጽሑፍ በስሜ የወጣች የመጀመሪያዬ ነች። እናቴ ቆርጣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፋታለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስነብባለች፤ እኔም ያኔ ቡና ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።