10 ቀን በ5 አገር ወይስ 2 ወር በሮም?

ቲክቶክ ላይ «በ10 ቀን 5 አገር» የሚል ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ የሚያልፍ ሳምንት አለ? ጠዋት ፓሪስ፣ ማታ ብራስልስ፣ በነጋታው አምስተርዳም። ሻንጣው በወጉ ሳይፈታ ጉዞው ያልቃል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝና በብር ለሚያጠራቅም ሰው ይሄ የለየለት ኪሳራ ነው። ዕድሉ ከመጣ አንድ ከተማ መርጣችሁ ክረሙበት ባይ ነኝ። የኔ ምርጫ ሮም ናት።

ከሒሳቡ ልጀምር፤ ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ከየት ሊጀምር ይችላል! አንዳንዱ ወጪ ብዙ ቆያችሁ ትንሽ አይለወጥም። የአውሮፕላን ትኬት፣ የሰነድ ማስተርጎሚያ፣ የቪዛ ማመልከቻ (ከጁን 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ብትከለከሉም አይመለስም)። ይሄ ሁሉ ተደምሮ 1,000 ዩሮ መጣ እንበል። ለ10 ቀን ከሄዳችሁ ገና ቁርስ ሳትበሉ እያንዳንዱ ቀን 100 ዩሮ በልቷል። 60 ቀን ከቆያችሁ ግን በቀን 17 ዩሮ አይሞላም።

የየቀኑ ወጪም ቢሆን በቆይታ ይወርዳል። የሮም አውቶቡስና ሜትሮ ነጠላ ትኬት 1.50 ዩሮ ሲሆን የወሩ 35 ዩሮ ነው። ውኃ ደሞ መግዛት አያስፈልግም። ከተማዋ ውስጥ ሮማውያን «ናዞኒ» ማለትም «ትልልቅ አፍንጫዎች» የሚሏቸው ከ2,000 በላይ የመንገድ ቧንቧዎች አሉ፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ በነጻ። ቡና ቆሞ መጠጣት የአገሩ ልማድ ነው፤ ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈር ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ ያው ማኪያቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። የሦስት ቀን እንግዳ ይህን እስኪለምድ የመመለሻው ሰዓት ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ ወሩን መምረጥ ነው። ኦገስት ላይ ሮማውያን ራሳቸው ከተማቸውን ጥለው ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ በተለይ በ15ኛው ቀን አካባቢ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። (መምህራን ሆይ፣ የክረምት ዕረፍታችሁ እዚያ ላይ መዋሉ ያሳዝናል።) እኔ ብሆን ጃንዋሪና ፌብሩዋሪን እመርጣለሁ። የአዲስ ዓመቱ ግርግር ካለፈ በኋላ ማደሪያ ይረክሳል፣ ሰልፍ ያጥራል። ብርዱም የሚፈራውን ያህል አይደለም። በሕጉ መሠረት የሮም ቤቶች ማሞቂያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 በቀን እስከ 12 ሰዓት ይበራል። ስትከራዩ ግን «ማሞቂያው ኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኪራይን በተመለከተ፣ ኮሎሲየም በር ላይ ካላደርኩ አትበሉ። የመሃል ከተማው ቤት ለቱሪስት በአዳር እየተከራየ ነዋሪው ወደ ዳር እየተገፋ ነው። በወር የሚከራይ ክፍል ከጥንቱ ግንብ ውጪ ፈልጉ። ለምሳሌ ጋርባቴላ በ1920 የተቆረቆረ የሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ግቢ ውስጥ ልብስ የሚሰጣበት፣ ጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ ለሜትሮም የሚቀርብ። ከ30 ቀን ለሚያልፍ ኪራይ የሚመዘገብ ውል ጠይቁ፤ እስከ 18 ወር የሚሄድ «ትራንዚቶሪዮ» የሚባል ዓይነት አላቸው። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ወይም የምታምኑት ሰው ሳያይላችሁ ቀብድ የሚጠይቃችሁን ሰው እለፉት።

አሁን ወደ ከባዱ። የሼንገን ሕግ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። በተግባር ደግሞ የሚገዛችሁ ቪዛችሁ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ነው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ መግቢያና መውጫው በጣት አሻራና በፎቶ መመዝገብ ጀምሯል፤ «አንድ ሁለት ቀን ማን ያያል» የሚባለው ጨዋታ አብቅቷል።

«60 ቀን ብሎ የጠየቀ ሰው ቪዛ ይከለከላል» የሚለኝ አይጠፋም። ሥጋቱ ይገባኛል። ረጅም ቆይታ ረጅም ማብራሪያ ይጠይቃል። ማብራሪያው ግን እውነተኛ ከሆነ ከአምስት አገር የሆቴል ቡኪንግ ይልቅ ለማመን ይቀላል። የሁለት ወር የጣልያንኛ ኮርስ ምዝገባ፣ አንድ የቤት አድራሻ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ሥራ ወይም ትምህርት ማስረጃ። ለሳምንት ብር ተበድሮ አካውንት ማሳበጥ የሚባለውን ነገር ተዉት። የሚታየው የወራት እንቅስቃሴ ነው፤ ድንገት የገባ ብር እዚያ መሃል እንደ ጉብታ ይታያል።

ለሙሉ ትምህርት የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ታወጣላችሁ፣ በገባችሁ በ8 የሥራ ቀን ውስጥም ፖስታ ቤት ሄዳችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክታላችሁ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ስለ ቅናሽ ብቻ አይደለም። የኅዳግ ጥቅም የሚባለውን ነገር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። በአንድ ቀን የምታዩት አምስተኛ ካቴድራል ድካም ብቻ ነው። ሁለት ወር ያለው ሰው ግን የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ የሚከፈቱበትን የወሩን የመጀመሪያ እሑድ ሁለቴ ያገኛል፤ የቫቲካንን ነጻ የመጨረሻ እሑድም እንዲሁ። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የካራቫጆን ሥዕሎች ያለ ምንም ክፍያ፣ ደጋግሞ ያያል።

ለእኛ ደሞ ሌላም አለ። በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች። በየቀኑ ስንቱ ሐበሻ ሻንጣውን እየጎተተ ያቋርጠዋል! ከዚያ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ብትወርዱ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚገኝበት ሕንፃ ፊት፣ በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት እስኪመለስ ድረስ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ታገኛላችሁ። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው። በአስጎብኚ አውቶቡስ መስኮት እነዚህን ሁለት ቦታዎች አገናኝቶ የሚነግራችሁ አይኖርም፤ በእግር፣ በትርፍ ከሰዓት በኋላ፣ ራሳችሁ ነው የምታገናኟቸው።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ለመጪው ፌብሩዋሪ ያሰበ ሰው ከኦገስት ጀምሮ ፋይሉን መክፈት ይችላል። ቀጠሮው ራሱ ወረፋ ስላለው ወደ መጨረሻው ባትገፉት ይሻላል።