የኢንተርኔት ሣጥን ሽያጭና የነጋዴው አደራ

ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎች ቀድሞ ራዲዮና ባትሪ፣ ኋላም ዲሽና ሪሲቨር ሲሸጡ ቆይተዋል፤ አሁን ደግሞ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ለገበያ ቀርቦላቸዋል። ስሙ ቲቪ ቦክስ ወይም አንድሮይድ ቦክስ ይባላል። ሥራውም በኢንተርኔት የሚመጣውን ድራማ፣ መዝሙር፣ ዜናና ትምህርት ወደ ቤተ ሰቡ ቴሌቪዥን ማስተላለፍ ነው።

የዕቃውን ጠቃሚነት የሚክድ የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር ተመልካቹ ጣቢያው የመረጠለትን፣ ጣቢያው በወሰነው ሰዓት ይመለከት ነበር፤ ዛሬ ግን ተማሪው ልጅ የሒሳብ ትምህርቱን፣ እናቱም የምትወደውን ድራማ በፈቀዱት ሰዓት ከዩቲዩብ ሊያወጡ ይችላሉ። ሊመረመር የሚገባው የዕቃው አሻሻጥ ነው።

ገብሱንና ባቄላውን ሸጦ ልጆቹን ለማስደሰት ወደ ሱቅ የገባ አባወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ይኼ ነገር ያለ ዲሽ ያሳያል?» ብሎ ነው። ሻጩም «አዎን ጋሼ፣ ሁሉንም ያሳያል» ይለዋል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው። ሣጥኑ ያለ ዲሽ ያሳያል፤ ያለ ኢንተርኔት ግን በፍላሽ የመጣ ፊልም ከማጫወት በቀር የረባ ሥራ የለውም። ግማሹን መልስ ይዞ ወደ ቤቱ የሄደው ገዢ ሌላውን ግማሽ የሚያገኘው የገዛው የዳታ ጥቅል በሁለተኛው ሌሊት ሲያልቅበት ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት ራሱ እንደሚያስታውቀው፣ ጥራት ያለው ሥዕል በአንድ ሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ መደበኛው ደግሞ እስከ 1 ጊጋባይት ይወስዳል። እንግዲህ በየማታው ሁለት ሰዓት የሚመለከት ቤተ ሰብ በወር እስከ 180 ጊጋባይት፣ ጥራቱን ዝቅ ቢያደርግ እንኳ እስከ 60 ጊጋባይት ሊፈጅ ነው። ከስልክ ዋይፋይ እያገናኘ፣ ጥቅል በጊጋባይት እየቈጠረ ለሚገዛ ሰው ይህ ከሣጥኑ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊሆንበት ይችላል። ወርኀዊ ክፍያው የተወሰነ የመደበኛ መስመር ኢንተርኔት ያለው የከተማ ቤት ነገሩ ይቀለዋል። ደግሞም ዩቲዩብ ለመካከለኛው ጥራት በሰከንድ 2.5፣ ከዚያ ከፍ ላለው 5 ሜጋቢት ያህል ፍጥነት ይፈልጋል፤ በደባርቅ መሐል ከተማ የሚገኘው ፍጥነት ደግሞ ከገደል ሥር ላለ ቤት ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ተራራ የስልክን ማዕበል ይጋርዳልና።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በብዙ ስፍራ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ በስልክ ዳታ ብቻ የሚሠራ ሣጥን የነበረው ቤት ከዓለም ዜና ተለየ፤ ዲሹን ያላወረደው ግን መብራት እስካለ ድረስ መመልከቱን ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት በመጣ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ሰሐኑን ከናይልሳት አቅጣጫ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙሮታል፤ ለዚህም ወርኀዊ ክፍያ አይጠየቅበትም። ስለዚህ በኮሶዬ አፋፍ ወይም በዳባት ገጠር ለሚኖር ቤተ ሰብ ሣጥኑ የዲሽ ረዳት እንጂ ምትክ ነው ብሎ መሸጥ አግባብ አይደለም። «ሣጥን ከገዛህ ዲሹን ሽጠው» የሚል ነጋዴ ቢገኝ ደንበኛውን የሚያጣው በራሱ እጅ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሣጥኑ ዓይነት ጉዳይ ነው። በገበያ ያሉት ሣጥኖች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በውስጣቸው ግን ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ከጎግል የታወቀ ፈቃድ አግኝቶ ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ሁለተኛው ማንም ሊወስደው ከሚችለው የአንድሮይድ ሥርዐት ተቀድቶ፣ «8 ኬ» የሚል ጽሕፈት ተለጥፎበት በርካሽ የሚቸበቸበው ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ቲ95 የተባለ ሣጥን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጭኖበት መገኘቱ ተገለጸ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባድቦክስ 2.0 ስለ ተባለው የዚሁ ዓይነት ወረራ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጎግል በዚህ የተያዙት ፈቃድ የለሽ ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጾ ክስ መሠረተ። እንዲህ ያለው ሣጥን የቤቱን የኢንተርኔት መስመር ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌሎች መተላለፊያ ያደርገዋል። ዳታ በብር በሚቈጠርበት አገር ይህ ማለት ገበሬው የማያውቀውን ሰው ወጪ ይከፍላል ማለት ነው።

አስመጪዎች «ፈቃድ ያለው ውድ ነው፤ ገዢው አይችለውም» ይላሉ። አነጋገራቸው መሠረት አለው። ጎግል በ2005 ዓ.ም. በ35 ዶላር ያወጣውን ክሮምካስት በ2016 ዓ.ም. ማምረት አቁሞ ወደ 100 ዶላር በሚሸጥ ሌላ ዕቃ ተክቶታል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም እያንዳንዱ ዶላር በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚከብድ አስመጪው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ካላቸው መካከል ከዚህ በታች በሆነ ዋጋ የሚገኙ፣ እንደ ሻኦሚ ያሉ አሉ። ደግሞስ ምንዛሬ ውድ በሆነበት ዘመን በማይረባ ዕቃ ላይ ዶላር ማፍሰስ የቱ ላይ ቁጠባ ነው? ጎግል የተፈቀደላቸውን አምራቾች ዝርዝር በይፋ ስለሚያወጣ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ማመሳከር ይቻላል። ቸርቻሪውም ሣጥኑን ከፍቶ በፕሌይ ስቶር ቅንብር ውስጥ ፈቃድ እንዳለው የሚገልጸውን ቃል ለገዢው ሊያሳየው ይችላል።

ጥቂት የሚመስሉ ግን ዕቃ የሚያስመልሱ ነገሮችም አሉ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሌለው የቆየ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገና አልጠፋም፤ ለእርሱ ባለ ሦስት ቀለም የኤቪ ገመድ የሚቀበል ሣጥን ወይም መቀየሪያ ያስፈልገዋል። በሶላር ለሚጠቀም ቤት ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽ ሣጥኖች በ5 ቮልት ስለሚሠሩ ይመቹታል፤ ይህን ነግሮ የሚሸጥ ሻጭ መኖሩ ግን እምብዛም አይሰማም።

በዱቤም ሆነ በእጅ በእጅ ቢሸጥ፣ ገዢው ከሱቁ ሳይወጣ የራሱን ስልክ ዋይፋይ አስከፍቶ በራሱ ዳታ አንድ ድራማ ሩብ ሰዓት ያህል ማሳየትና ከስልኩ ላይ ምን ያህል ሜጋባይት እንደ ተቀነሰ አብሮ መመልከት ይበቃል። ገዢው ቤቱ ከከተማ የራቀ ከሆነ ደግሞ ሙከራው በዚያ እንዲደገምና ካልሠራ ዕቃው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመለስ በደረሰኙ ላይ መጻፍ ነው።