ድምፅ ለጠፋው ላፕቶፕ ፎርማት መድኃኒቱ አይደለም

ቄራ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ድምፁ የጠፋ ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይፈልጋል» የሚል ነው። ዋይፋይ እምቢ ሲል ፎርማት። ፕሪንተር አላትም ሲል ፎርማት። ማታ ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆኖ ይመለሳል፤ ድምፁም አለ። የሌለው የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የልጆቹ ፎቶና የሱቁ ሒሳብ ነው።

ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹ የድራይቨር ችግሮች ናቸው። ድራይቨር በዊንዶውስና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው ሲሳሳት አስተርጓሚው ይቀየራል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

ሥራው ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ዲቫይስ ማኔጀር ሲከፈት ችግር ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ምልክት ይዞ ይታያል። ብልሽቱ የመጣው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ «ሮል ባክ ድራይቨር» ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ካልሆነ ድራይቨሩን ከነፋይሉ ማጥፋት፣ ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያ የላፕቶፑን ሞዴል አይቶ ከአምራቹ ድረ ገጽ ትክክለኛውን መጫን ነው። የፕሪንተር ነገር ትንሽ ይለያል፤ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ ማጥፋት ድራይቨሩን አያጠፋውም። አሮጌው ውስጥ ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ፕሪንተሩ እንደገና ሲሰካ ያው ችግር ይመለሳል።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው የተሳሳተ ፋይል፣ ድራይቨሩ ሲያነበው ዊንዶውስን ጣለው። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተመቱ፤ በየአገሩ በረራዎች ተሰረዙ። መፍትሔው ምን ነበር? በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት። ያን ያህል ጥፋት ያለ ፎርማት ከተስተካከለ፣ የቄራው ላፕቶፕ ድምፅ ለምን ፎርማት ያስፈልገዋል?

ሌላው አደጋ በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ የሚዞረው «ሁሉንም ድራይቨር ይጭናል» የሚባለው ጥቅል ነው። ማን እንደነካካው፣ ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ድራይቨር ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም ዳር ላይ አይቀመጥም፤ የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ነው የሚገባው። የተበከለ ከሆነ መላውን ማሽን አሳልፎ ይሰጣል። ዋይፋይ ስለሌለ ማውረድ አልተቻለም ማለትም ሰበብ አይሆንም፤ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወረፋ አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ደንበኛው ለፎርማት ያለ ቅሬታ ይከፍላል፤ ባለሙያው ግማሽ ሰዓት መርምሮ በአምስት ደቂቃ ቢያስተካክለው ግን «ምን ሠራህና ነው?» ይላል። ለዕውቀት የማይከፍል ደንበኛ ፎርማትን ራሱ እየገዛው ነው።

እዚያው ሰፈር፣ ቄራ ውስጥ፣ ጥሩ ሠራተኛ የሚታወቀው ቢላው የሚገባበትን መገጣጠሚያ በማወቁ ነው። የኮምፒውተር ጥገናም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ላፕቶፑን ከማስረከቡ በፊት «ዲቫይስ ማኔጀሩ ታይቷል?»፣ «ፋይሌስ የት ተቀመጠ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለሙያውም ለምርመራው ዋጋ ይጥራ። መልስ ከሌለ ላፕቶፑን ይዞ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።