የዳኝነት ሥልጣን ከወንበር ሳይሆን ከሕግ ይመነጫል

የድንበር፣ የውርስና የትዳር ሙግት በገጠር የተለመደ ነው። ባለጉዳዩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የቀበሌውን ወይም የማኅበሩን መሪ በር ነው። ስለዚህ መሪው የየፍርድ ቤቱ ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ውሳኔ በይግባኝ ሊሻር ይችላል፤ የእርሻው ወቅት ግን ሙግት እስኪያልቅ አይጠብቅም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት በአካባቢያቸው የሚነሣውን የመሬት ክርክር የሚሰማ የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ፈቅዶ ነበር። ሸንጎው ይዳኝ የነበረው ማኅበሩ ጉልበት ስለነበረው ሳይሆን አዋጁ ስለፈቀደለት ነው። ያ ሸንጎ ዛሬ የለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዳኝነትን ሥልጣን የሰጠው ለፍርድ ቤቶች ነው። በክልል መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሦስት ደረጃ አላቸው፤ እነርሱም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናቸው። ተከሳሹ ወደደም ጠላም ይዳኙታል። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ባለበት ክልልም ሥልጣኑ የክልሉ አዋጅ በወሰነለት ልክ ብቻ ነው።

የሃይማኖትና የባሕል ፍርድ ቤቶች ግን ከሕጉ እውቅና በተጨማሪ የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ይሻሉ። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በእነርሱ እንዲታይ የሚፈቅደው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ስለ ፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ይህንኑ ይከተላል። ሆኖም መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጠራል። ስለሆነም መዳኘት የማይፈልግ ሰው ቤቱ ከመቅረት ይልቅ ቀርቦ አለመፈለጉን መናገር ይኖርበታል። በተለይ በትዳርና በውርስ የምትከራከር ሴት ይህን አስቀድማ ካላወቀች ልትጎዳ ትችላለች።

የአገር ሽማግሌ ደግሞ ያስታርቃል እንጂ እንደ መንግሥት ዳኛ አስገድዶ አይፈርድም። ዕርቁ የሚጸናው በባለጉዳዮቹ ስምምነት ላይ ሲመሠረት ነው።

እንግዲህ የመሪው ተግባር መፍረድ አይደለም። ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ሕግ ለማን እንደሰጠውና ሁለቱም ወገኖች በእርግጥ መስማማታቸውን ጠይቆ ባለጉዳዩን ወደ ትክክለኛው በር መምራት ነው። ይህ ከተፈጸመ አርሶ አደሩ ጊዜውን በደጅ ጥናት ሳይሆን በማሳው ላይ ያውለዋል።