ዘይቱን ማን ይለካልን?

ጎበዝ፣ የኑግ ዘይት ስንገዛ መቼም አሽትተን ቀምሰን ነው። እርሳስ ግን አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም፤ መጥበሻ ላይ ቢንጨረጨርም አይጠፋም። ካደገበት አፈር፣ ካረጀ መጭመቂያ፣ ቀድሞ ምን እንደተቀዳበት ከማይታወቅ በርሜል ሊገባ ይችላል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ በአንድ ኪሎ ዘይት ከ0.08 ሚሊግራም በላይ እርሳስ አይፈቅድም። የዓለም ጤና ድርጅትማ ጭራሽ ጉዳት የሌለው መጠን አይታወቅም ባይ ነው። የሚጎዳው የሕፃን አንጎል ነዋ!

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ቁጥጥሩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ገላጭ ጽሑፍ የለውም ብሎ ዘይት ማገዱ ደግ ነው፤ ገላጭ ጽሑፍ ግን እርሳስ አይለካም። ጨማቂውን ሁሉ በጅምላ መወንጀላችን አይደለም። ንጹሑንም ነጻ የሚያወጣው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። እንግዲያው ባለሥልጣኑ የየዘይቱን ልክ በስም እየጠራ ያውጣልን፤ እናት ልጇ ሽሮ ላይ ምን እንደምታፈስ ትወቅ።