መጀመሪያ ቅጂው፣ ከዚያ ጥገናው

በኮምፒውተር ጥገና ቤቶቻችን እንደ «ፎርማት ይደረግ» ያለ አደገኛ ቃል አላውቅም። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ፎርማት፣ ባክአፑ መሐል ላይ ሲቋረጥ ፎርማት። ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይዞት ይወጣል። የተማሪዎች ውጤት፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ የት እንደገባ የሚጠየቀው ግን ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አሊዩ አምባ ላይ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ባክአፑ ሁልጊዜ ግማሽ ግድም ሲደርስ ይቆምበታል። ኤክስተርናል ዲስኩን ነቅሎ ይሰካዋል፣ እንደገና ያስጀምረዋል፣ ያው ቦታ ላይ ይቆማል። «ጋሼ፣ ኤክስተርናሉ ተበላሽቶ ነው፤ አዲስ መግዛቴ ነው» አለኝ። ማሽኑ ላይ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ድምፁ የሚመጣው ከውስጠኛው ዲስክ ነው፤ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«እዚህ ያለው ሁሉ ሌላ ቅጂ አለው?»

«አለው ጋሼ። ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ።»

ይህን መልስ ከመምህራን፣ ከሒሳብ ሠራተኞች፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ጠጋኙ ሲን ብቻ አጥፍቶ ይጭናል፤ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ዲ እንደ ካዝና ተቆጠረ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ግን ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅም አብረው ይሄዳሉ።

ባክአፑ ለምን እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል? በየቀኑ የምንከፍተው ፋይል ጥቂት ነው። ሁለት ዓመት ያልነካነው ፎልደር ያረፈበት የዲስኩ ክፍል ቢበላሽ በምን እናውቃለን? ባክአፕ ግን ያለውን ሁሉ ማንበብ አለበት። ጠጋኞች ባድ ሴክተር የሚሉት የተበላሸ ቦታ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው ፕሮግራሙ ሥራውን ይተዋል። እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ እየደጋገመ የሚቆም ባክአፕ ብዙ ጊዜ ሰው ሳያውቀው የቆየውን የዲስክ ሕመም እየተናገረ ነው። መልእክቱን ሳናነብ ኤክስተርናል መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ቀለል ያሉ ምክንያቶችም አሉ፤ አስቀድሞ እነሱን ማጣራት ነው። ኤክስተርናሉ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ላልቶ፣ ወይም የዴስክቶፑ የፊት ለፊት መሰኪያ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ ሰክቶ መሞከር ነው። ቪዲዮ ለሚሠሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያታልል አንድ ነገር አለ፦ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ቢኖረውም የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ አይገባበትም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ውስጡ የሚፈለግ ነገር እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ማዘጋጀት ነው። ፎርማት ቦታው እዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ባክአፑ አሁንም እዚያው ከቆመ ዲስኩ ይመርመር። ዊንዶውስ ውስጥ ድራይቩ ላይ በቀኝ ተጭኖ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቱልስ፣ ከዚያ ቼክ ማለት ነው። ግን ቆም በሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው።

ቼክ ዲስክ የሚባለው መሣሪያ የሚጨነቀው ለፋይል አያያዙ ሥርዓት ነው፤ መዝገቡና መደርደሪያው እንዲስማሙለት። ባለቤት ያጣለትን ቁራጭ ቆርጦ ስሙ ወደማይታወቅ ፋይል ይለውጠዋል። የተበላሸ ቦታ ፈልግ ብለን ሙሉ ምርመራ ካዘዝነው ደግሞ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ያስነብበዋል። ጤነኛ ዲስክ ይህን ይችለዋል። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ዲስክ ግን የቀረችውን አቅም፣ ቅጂ ልናወጣባት ሲገባ፣ ምርመራው ይጨርስበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፦ መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ መመርመር፣ ከዚያ መጠገን።

መቅዳቱም በዘፈቀደ አይሆንም። ወጣቱ ሁሉንም አንድ ላይ ኮፒ ሊያደርግ ሲል አስቆምኩት። በቅድሚያ ገና ለባለቤቶቹ ያላስረከባቸውን ሠርጎች አወጣ። ቀጥሎ የሟቾችን ፎቶዎች። የወረዱ ፊልሞችና ዘፈኖች ዳግም ይገኛሉ፣ ይቆዩ። ቀጭ የሚያሰኘውን ፎልደር መጨረሻ ላይ ተውነው። ከዚያ ፎልደር የተወሰነ ቪዲዮ አልከፈት ብሎ ቀርቷል፤ የቀረው ግን ድኗል። ዲስኩ በዊንዶውስ በኩል ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ዲዲሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ደህናውን ቦታ በሙሉ አስቀድሞ ይቀዳና የተበላሸውን ለመጨረሻ ይተወዋል። ድምፁ ከባሰ ደግሞ ማሽኑን አጥፍቶ ልምድ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል።

ዲስክ ስለ ራሱ ጤና መዝገብ ይይዛል፤ ስማርት ይባላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያንን መዝገብ ከፍቶ ደህና ነው፣ አሳሳቢ ነው ወይም መጥፎ ነው ይላል። ይህን ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ መተማመኛ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ሁለት ነገር ያሳያል። የመጀመሪያውን የንባብ ስሕተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ምንም ካላሳየው በ39 እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋና ከሚባሉት ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። «ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ አይቶ ባክአፕ መተው አይቻልም።

አሊዩ አምባ ባለችበት በይፋት ቆላ ሁሉ ነገር በሙቀቱ ይመካኛል። ያው ጥናት በመጠነኛ ሙቀት ልዩነትና በዲስክ መሞት መካከል ሰው የሚገምተውን ያህል ግንኙነት አላገኘም፤ ምርመራው የተካሄደው ግን በማሽን ክፍል ውስጥ እንጂ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይደለም። እኔ የበለጠ የምፈራው መብራቱን ነው። ዲስኩ እየጻፈ መብራት ሲሄድ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ለዴስክቶፕ አንድ ዩፒኤስ፣ አቅም ካነሰ ስታብላይዘር፣ ቅንጦት አይደለም። ባክአፕም ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ቢጀመር ይሻላል።

ቅጂ ማኖር አንድ ነገር ነው፤ የት ማኖር ደግሞ ሌላ። በዚህ በይፋት መልሱን በእሳት ተምረነዋል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ማሽኑና ባክአፑ አንድ መሳቢያ ውስጥ በነበሩበት ቢሮ የሁለቱም ዕጣ አንድ ነበር። መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ከዲስክ ብልሽት ያድናል፤ ከእሳት፣ ከጎርፍ፣ ከዝርፊያ አያድንም።

ቅጂን ሌላ ቦታ ማኖር ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም ቀድቷል። አንዱ ቅጂ አገር ውስጥ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ ወደሚገኘው ኮሌጅቪል ተላከ። ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹን ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ በአንድ አንብበው ካታሎግ ያዘጋጁት የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፊልሙ ሳይነበብ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እንደተቀዳ፣ የቱ ገጽ እንደጎደለ ማን ያውቅ ነበር? አንድ ባለሙያ ዕድሜውን ለዚያ የሰጠው ቅጂ ተነብቦ ካልታየ ቅጂ መሆኑ ስለማይታወቅ ነው።

የአሊዩ አምባ የራሷ ታሪክም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረርና የታጁራ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ሸዋ የሚገቡባት፣ ዓርብ ዓርብ አሞሌ ጨውና ቡና የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ዛሬ ስለዚያ ገበያ በዝርዝር ስንናገር ብዙውን የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1842 እዚያው ከተቀመጠው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከቻርልስ ጆንስተን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1844 ለንደን ታተመ፤ ብዙ ቅጂ ስላለው ተረፈ። የገዛ ነጋዴዎቿ የብድርና የሸቀጥ ማስታወሻ ቢተርፍልን ምን ያህል የተለየ ታሪክ በጻፍን ነበር! የዛሬው ሠርግ፣ የዛሬው የተማሪ ውጤት፣ የዛሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ የነገ ማስታወሻ ናቸው፤ ያሉትም እጃችን ላይ ነው።

ስለዚህ በአሊዩ አምባ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአንኮበር ያላችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያዦች፣ ፎቶ ቤቶች፦ በዚህ ሳምንት ባክአፓችሁን ከመሳቢያ አውጡና በሌላ ማሽን ላይ ክፈቱት። ከመጀመሪያው አንድ ፋይል፣ ከመሐል አንድ፣ ከመጨረሻው አንድ፤ ቪዲዮ ከሆነ እስከ መጨረሻው አስኪዱት። አልከፈት ካለ ዋናው ዲስክ በሕይወት ሳለ እንደገና ቅዱ። ከዚያ አንድ ዲስክ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ የሥራ ጉዳይ ከሆነም በይለፍ ቃል ቆልፉት። ጠጋኞችም፣ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት «ቅጂው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ «ዲ ላይ» ካለ ሥራውን አትጀምሩ።